የአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ካርድ

መጠለያው ሠላሳ ስድስት የሽቦ ቤቶች አሉት። አሥራ ስምንቱ ከአሥራ ስምንቱ ፊት ለፊት ተሠርተዋል፤ በመካከላቸው የሲሚንቶ መተላለፊያና የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። በእያንዳንዱ በር ላይ በቀጭን ሽቦ የታሰረ ካርድ ይንጠለጠላል። የቤቱ ቁጥር፣ የውሻው ጾታና መልክ፣ የገባበት ቀን ይጻፍበታል። ከታች የወጣበት ቀን የሚሞላበት ባዶ መስመር አለ። እንዴት እንደ ወጣ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

እኔ የመጠለያው ሐኪም ነኝ። ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት ውሾች እንዳይወልዱ ቀዶ ሕክምና አደርጋለሁ። በአንድ ጠዋት ስምንት ከሠራሁ ጥሩ ቀን ነው። በከተማው ውስጥ ግን አንዲት ውሻ ብቻዋን፣ በአንድ ሌሊት፣ ከአንድ አጥር ሥር ስምንት ትወልዳለች። በሳምንት አሥራ አንድ ያህል ውሻ ይገባልናል፤ አንዳንዱ በውሻ ሰብሳቢው መኪና፣ አንዳንዱ በካርቶን ተደርጎ በር ላይ ተጥሎ። አምስቱን ያህል ሰው ይወስዳቸዋል። አሥራ አንድ ሲቀነስ አምስት ስድስት ነው። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት፣ የሰብሳቢው መኪና በአሥር ሰዓት ከመምጣቱ በፊት፣ ስድስት ቤት ባዶ መሆን አለበት።

ባዶ የሚሆነው እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በመተላለፊያው መጨረሻ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እኛ «ማሳረፍ» እንለዋለን፤ መርፌውን የምወጋው እኔ ነኝ።

የሚሄዱት ስድስቱ እነማን እንደሆኑ የሚወስነውን ደንብም ያወጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ሠራተኞቹ በዓይን ይመርጡ ነበር፤ መልኩ ያላማረው፣ የሚጮኸው፣ የነከሰው ይሄዳል። እኔ ይህን አስቀረሁ። ከሁሉ ቀድመው የገቡት ስድስቱ ይሄዳሉ፣ ሌላ ነገር አይታይም አልኩ። ቀን አያዳላም፣ ቀን ጉቦ አይበላም ብዬ ነበር። በዚህ ደንብ አንድ ውሻ ሰው እስኪመጣለት ሦስት ሳምንት ገደማ ያገኛል።

ቤቶቹን የሚያጥቡትና ውሾቹን የሚመግቡት የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። አባቴ የሞተው የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ አሳድገው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። የእርሳስ ፊደላትን አንድ በአንድ ከሣጥን እየለቀሙ መስመር ይደረድራሉ፤ መስመሩ ገጽ ይሆናል፣ ገጹ ይታተማል። ኮምፒውተር መጥቶ ሙያውን ሲያስረሳው ጡረታ ወጡ። ቤት መዋል ግን አልሆነላቸውም።

«ሚስቴ ስትጠርግ እንደ ወንበር አንስታ ከሥሬ ለመጥረግ ትንሽ ነው የቀራት» አሉኝ አንድ ቀን። «የሆነ ሥራ ፈልጊልኝ።»

ይህንን አገኘሁላቸው። ሲቀበሉ አንድ ነገር ብቻ አስቀድመው ተናገሩ። «ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቼ እሄዳለሁ። ያቺን በር አልከፍትም፤ ስትከፈትም አላይም።» ተስማማን። ሠራተኛው «ጋሽ ፊደል» ይላቸዋል፤ እኔ እንደ ልጅነቴ «ጋሽዬ» ነው የምላቸው። እሳቸው በሰው ፊት «ዶክተር» ይሉኛል፣ ሰው ሲሄድ «አንቺ ልጅ»።

ካርዶቹን የመጻፉ ሥራም የእሳቸው ሆነ። ቤቶቹ በየቀኑ በጎማ ስለሚታጠቡ ካርድ በጥቂት ቀን ይረጥባል፣ ይጨማደዳል፣ ቀለሙ ይፈሳል። እንዲህ ሲሆን አዲስ ካርድ መገልበጥ ያስፈልጋል። የእሳቸው የእጅ ጽሕፈት የታተመ ነው የሚመስለው። «የአንቺን ጽሕፈትማ ያሳረፍሽው ውሻ ብቻ ነው የሚያነበው» ብላኝ ነበር ጸሐፊያችን፤ አፏ ስለት ነው። ስለዚህ ባዶ ካርዶቹ ከእሳቸው ኪስ አይጠፉም ነበር። ረቡዕ ማታ ካርዶቹን በየተራ እያነበቡ ለጸሐፊዋ ይነግሯታል፣ እሷ ስድስቱን ለይታ ዝርዝር ታወጣለች፣ ሐሙስ ጠዋት እኔ እፈርማለሁ።

ለውሾቹ ስም አንሰጥም። የተጻፈ ክልከላ የለም፤ ሁሉም ሰው ከጥቂት ወር በኋላ ራሱ ይተወዋል። አጎቴ ግን በአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ያለውን ትልቅ ዳማ ወንድ ውሻ «አራሚው» ይሉት ነበር። አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ አፍንጫው ላይ ሽበት የጀመረው ውሻ ነው። ምግብም፣ መጥረጊያም፣ ሰውም ፊቱ ሲመጣ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አድርጎ ያያል። «ማተሚያ ቤት የነበረው አራሚያችን ቁርጥ ይኸው ነው» አሉኝ። «ደህና አድርገህ ደርድረህ ስትወስድለት እንዲህ አንገቱን ይሰብርና፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቱን ያስቀምጣል። ተሳስቶ አያውቅም፣ ልጄ። ስንት ጊዜ ልገድለው አስቤ ነበር።»

ሳቅሁ። አጎቴና ውሻው መቀራረባቸውን አውቅ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላሰብኩም።

ነገሩ የወጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጸሐፊዋ አርፍዳ ስለነበር እኔ በእሷ ቦታ ተቀምጬ ነበር። አንድ ሰውዬና እናቱ ገቡ። ሰውዬው የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር ግራጫ ሸክላ ደርቋል። እናትየው አጭር ናቸው፤ በትከሻቸው ባንጠለጠሉት ቦርሳ ውስጥ የታጠፈ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ይታያል።

«ሠላሳ አንድን ልንወስድ ነው የመጣነው» አለ ሰውዬው። «ጥቁሯን። ደረቷ ላይ ነጭ ያላትን።»

መዝገቡን መክፈት አላስፈለገኝም። ከትናንት በስቲያ፣ ሐሙስ፣ ስድስተኛዋ ነበረች። የፊት እግሯን ስላጭላት እጄን ልሳኛለች።

እናትየው ብርድ ልብሱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «አጥቤዋለሁ። የሱ ነበር፣ ልጅ ሳለ። ያኔም እንደ ቡችላ ያኝክ ነበር፤ ይኸው ጠርዙን እዪው።»

«እማዬ!»

«ምነው፣ ዋሸሁ? እሱ ሳምንቱን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚውለው» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «እኔ ከግድግዳ ጋር ሳወራ ሰለቸኝ። ግድግዳ ደግሞ አይሰማም፣ ውሻ ቢያንስ የሚሰማ ይመስላል።»

«ውሻዋ የለችም» አልኩ።

«ሰው ወሰዳት?» አለ ቆፋሪው።

«አይደለም።»

ትንሽ ጊዜ ወስዶበት ገባው። «ባለፈው እሑድ መጥቼ ተናግሬ ነበር እኮ። ቅዳሜ እናቴን ይዤ እመጣለሁ ብዬ ነበር።»

«ለማን ነው የተናገሩት?»

ሳይመልስልኝ አጎቴ ባልዲ ይዘው በጓሮ በር ገቡ። ሰውዬውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አሃ! ጥቁሯስ? ለመደች?»

«ማን ለመደች?» አለ ቆፋሪው።

«ዓርብ ጠዋት ቤቷ ውስጥ ሌላ ውሻ ነበር። አንተ ቀድመህ የወሰድካት መስሎኝ እኮ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።»

«እኔ ትናንት ማታ ነው ከሥራ የገባሁት።»

አጎቴ ወደ እኔ አዩ። «ሐሙስ» አልኳቸው።

«ሐሙስ ልትሆን አትችልም» አሉ። «ከፊቷ ስድስት ነበሩ። ቆጥሬያለሁ። እሷ ሰባተኛ ናት፤ ለሌላው ሐሙስ እንጂ ለዚህ አትደርስም። አትስጋ ብዬ የመለስኩት ለዚህ ነው።»

እናትየው ብርድ ልብሱን ማጣጠፍ ጀመሩ። አራት ጊዜ አጥፈው፣ አልስተካከል ሲላቸው ፈትተው እንደገና አጠፉት። «ወንድሜ» አሉ አጎቴን፣ «አይዞዎት። ሰው ይሳሳታል።» ስልካቸውን ጽፈው ሌላ ትንሽ ውሻ ከተገኘ እንድንደውል ነግረውን ሄዱ። ልጃቸው ቦርሳቸውን ተቀብሎ ተከተላቸው።

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ የአጎቴ ቃል ነበር፤ ከፊቷ ስድስት ነበሩ፣ ቆጥሬያለሁ። እሳቸው ቆጥረው አይሳሳቱም። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መስመር ስንት ፊደል እንደሚገባ ሲቆጥሩ ኖረዋል። የፈረምኩበት ዝርዝር ደግሞ ሠላሳ አንድ ቁጥርን ስድስተኛ አድርጎ ጽፏል። ከሁለቱ አንዱ ስህተት ነው።

ማንኛውም ውሻ ሲገባ የምመረምረው እኔ ስለሆንኩ የራሴ ደብተር አለኝ። ይዤው ከአንድ ቁጥር ጀመርኩ፤ ካርዱን አነባለሁ፣ ደብተሩን አያለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። እስከ አሥራ ስምንት ሁሉም ልክ ነበር።

የአሥራ ዘጠኝ ካርድ ከገባ አሥራ አንድ ቀን ነው ይላል። መጀመሪያ ያየሁት ግን ቀኑን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። በዚያው ሰሞን የገቡት የሌሎቹ ካርዶች ጠርዛቸው ተጣጥፎ፣ ቀለማቸው ወደ ታች ወርዷል። ይኸኛው ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ውሻው አንገቱን ሰበር አድርጎ ያየኛል። ገብቼ የኋላ ታፋውን ዳሰስኩ። ሲገባ ሽቦ ቀዶት ስለነበር ዘጠኝ ስፌት ሰፍቼዋለሁ፤ ክሩን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። አሁን ጠባሳው ላይ ፀጉር በቅሎበት በጣት ካልሆነ በዓይን አይገኝም። አሥራ አንድ ቀን ይህን አያደርግም። ደብተሬን ገለጥኩ፤ ከገባ ሃምሳ ቀኑ ነው።

በየሳምንቱ በዚያ በር ፊት ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ። ያላየሁት ለምን እንደሆነ ቆይቼ ነው የገባኝ። የሚታየኝ የታመመውና አዲስ የገባው ነው። ዝርዝሩ ላይም ያሉትን አነባለሁ እንጂ መኖር ሲገባው የሌለውን አልፈልግም።

አጎቴ የምግብ መጋዘኑ ውስጥ የሣህን ክምር እያጠቡ ነበር። በሩን ዘጋሁ።

«ጋሽዬ፣ የአሥራ ዘጠኝን ካርድ መቼ ነው የጻፏት?»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ ጣት በጣት። «ረቡዕ።»

«ቀኑንስ?»

የታጠበ ሣህን አንስተው ከክምሩ ላይ አስቀመጡ።

«ስንተኛ ጊዜዎ ነው?»

«ሦስተኛ።» መዋሸት አልፈለጉም፤ በአፋቸው ዋሽተው አያውቁም። «ሦስት ሳምንቱ ሲደርስ አላስቻለኝም። ቤት እንዳልወስደው ያክስትሽን ደረት ታውቂዋለሽ፣ ድመት በመንገድ ስታልፍ እንኳ ትንፋሿ ይቆማል። ሠላሳ ስድስት ውስጥ አንድ ውሻ ምን ቦታ ይይዛል አልኩ። ማንን ይጎዳል? ከማንም አፍ አልነጠቅሁም።»

እኔ ቤት ከዚሁ መጠለያ የወጡ ሁለት አሉ። አከራዬ ሦስተኛ ካየች ከነሱ ጋር አብሬ እንደምወጣ ስቃ ነግራኛለች፤ ሳቋን አውቀዋለሁ።

ካለፈው ሐሙስ በፊት የነበሩትን ውሾች ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ በማጠቢያው ድንጋይ ላይ እንደ ካርዶቹ ቀን በተራ ደረደርኩ። ከፊት ስድስቱን ለየሁ። ስድስተኛዋ ሠላሳ አንድ ነበረች። ከዚያ አሥራ ዘጠኝን ከነበረችበት ከኋላ አንስቼ በእውነተኛ ቦታዋ፣ ከሁሉ ፊት አስቀመጥኳት። ሌሎቹ አንድ አንድ ቦታ ወደ ኋላ ሄዱ። ሠላሳ አንድ ከስድስቱ ወጣች።

አጎቴ ብጣሾቹን ለረጅም ጊዜ አዩ። ጣታቸውን አሥራ ዘጠኝ ላይ አድርገው ወደ ኋላ ጎተቷት፤ መልሰው ወደ ፊት ገፏት።

«መስመር ነው» አሉ። «ከላይኛው መስመር አንድ ፊደል ካወጣሽ ቦታው ባዶ አይቀርም። ከታችኛው መስመር የመጀመሪያው ይሳባል። ዕድሜዬን የሠራሁት ሥራ እኮ ነው ይኼ።»

«እሑድ ዕለት እንዴት ቆጥረው ነው ሰባተኛ ያደረጓት?»

«አራሚውን ከፊቷ ቆጠርኩት» አሉ። «እኔ የገባበትን ቀን አውቀው የለ? በልቤ ያለውን እውነተኛውን ቀን ቆጠርኩ። ካርዱን እኔው እንደለወጥኩት ረሳሁት።»

ውሃው ሲፈስ ነበር፤ ዘጋሁት።

«አምስት ሐሙስ ነው» አሉ። «አምስት ገድያለሁ በይኛ።»

«አይደለም» አልኩ። ነገርን በልኩ ማስቀመጥ ልማዴ ነው፤ ይጠቅማቸዋል ብዬም አስቤ ነበር። «አምስት አልገደሉም። በየሳምንቱ የተሳበው ውሻ በሚቀጥለው ሐሙስ ተራው ነበር። ከአምስቱ ላይ አንድ አንድ ሳምንት ነው የወሰዱት። አራቱ በዚያች ሳምንት ሰው ይምጣላቸው አይምጣላቸው አናውቅም።»

«አምስተኛዋስ?»

«አምስተኛዋን እናውቃለን።»

በተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ልክ ልኩን መናገሬ እንዳላቀለላቸው አየሁ፤ ይልቁንም የሚይዙት ነገር ሰጠኋቸው። ባዶ ካርድ ከኪሳቸው አወጡና፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው የአሥራ ዘጠኝን እውነተኛ ቀን ጻፉ። ሄደው በሩ ላይ አሰሩት። ከዚያ የእናትየውን ስልክ ጠየቁኝ።

ሰኞ ለሥራ አስኪያጇ ሁሉንም ነገርኳት፤ የእሳቸውን ሥራና ሳላጣራ የፈረምኩትን የእኔን። እስክጨርስ መነጽሯን በእጇ ይዛ ቆየች።

«ባታገኚው ኖሮ ማንም አያገኘውም ነበር» አለችኝ።

«አዎ።»

«አጎትሽ ናቸው።»

«አዎ።»

«ካሁን በኋላ ካርዱን አንቺ ነሽ የምትጽፊው። ጽሕፈትሽ ያስጠላል፣ ግን ይሁን። ሰውየው ይቆዩ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ልቀጣቸው?» ትንሽ አሰበችና በካርዱ ላይ አንድ መስመር እንድንጨምር አዘዘች፤ ውሻውን አይቶ «እመለሳለሁ» ያለ ሰው ካለ ቀኑና ስልኩ እንዲጻፍ፣ ያንም ውሻ ለአንድ ሳምንት ማንም እንዳይነካው። አዲስ ነገር የሰማን ያህል ተያየን። ከዓመታት በፊት ማሰብ የነበረብን ነገር ነው።

አጎቴ እሑድ ዕለት እናትየው ቤት ሄደው ነበር። ምን እንዳሉ አልነገሩኝም። ማክሰኞ ግን እናትየው ብቻቸውን፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው መጡ።

«እስቲ ያንን ሽማግሌ አሳዩኝ» አሉ። «ያን ሁሉ ያደረጉለትን።»

አጎቴ አራሚውን በገመድ አስረው አወጡት። እሱም እንደ ልማዱ አንገቱን ሰብሮ አያቸው።

«ምን ያየኛል እንዲህ? ልብሴን ገልብጬ ለብሼ ነው?»

«ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የሚያየው፣ እመቤቴ» አሉ አጎቴ። ፈገግ ሲሉ ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

እናትየው ገመዱን ተቀበሏቸው። እስከ ግቢው በር ደህና ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ በመንገድ አንድ ብስክሌት አለፈ፤ ውሻው ሁለት እርምጃ ተስቦ ሄደ፣ ከዚያ በላይ አልነበረም። እናትየው ግን በሩን ተደግፈው ቀሩ። ሮጬ ስደርስ ገመዱ መዳፋቸው ላይ ቀይ መስመር ጥሏል። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው መያዣ የለውም። አጎቴ እሑድ ሲሄዱ አይተውታል።

«አልችለውም» አሉ። «እሱም እኔም አርጅተናል። ከደረጃው ላይ ማን ማንን ያነሳል?» የውሻውን የተቀደደ ጆሮ በሁለት ጣታቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ። ሲሄዱ ብርድ ልብሱን ከቦርሳቸው አውጥተው ለአጎቴ ሰጧቸው። «ሲሚንቶ ላይ እንዳይተኛ።»

ረቡዕ ሁለት ሰዎች መጥተው ሁለት ቡችላ ወሰዱ። አጎቴ ሁለቱንም በአሥራ ዘጠኝ ፊት አሳልፈዋቸው ነበር፤ አንደኛው «ይኼ ትልቅ ነው» አለ፣ ሌላዋ ጭራሽ አልቆመችም።

ሐሙስ ጠዋት ዝርዝሩን በደብተሬ አጣርቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንደኛው አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ነበር። አጎቴ ወረቀቱን ሳያዩ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ሰባተኛው ማነው?»

ልዋሽ እችል ነበር፤ ቁጥሩን ያልጠቀስኩት ውሻ ፊት የለውም። «ስምንት ቁጥር» አልኩ።

ስምንት ቁጥር ጋ ሄደው ቆሙ። ከሩቅ አየኋቸው። ውስጡ ያለው ብርማ ቀለም ያለው፣ እግረ ቀጭን፣ ገና ዓመት ያልሞላው ውሻ ነው። ሣህኑን በአፍንጫው እየገፋ ከጥግ ጥግ ይወስዳል። አጎቴ ሽቦው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ሣህኑ ሦስት ጊዜ ሲመላለስ አዩ። ሲመለሱ የሠራተኛ ልብሳቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል።

«አራሚውን እኔ አመጣዋለሁ» አሉ።

«ጋሽዬ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይሂዱ። የተነጋገርነው እንደዚያ ነው።»

«የተነጋገርነው ካርዱን ሳልነካው በፊት ነው።»

ስምንት ሰዓት ላይ ያችን በር ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈቷት። ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አነጠፉ፤ የተኘከውን ጠርዝ ወደ ግድግዳው አዙረው። ውሻው በራሱ አልወጣም፣ ተጋግዘን አነሳነው። ከበዳቸው። ክንዳቸውን ከአንገቱ ሥር አሳልፈው ያዙት። የፊት እግሩን ላጨሁ፣ ደም ሥሩን አገኘሁ። ምን እንደማደርግ በቅድሚያ ነገርኳቸው፤ የመጀመሪያው መርፌ እንደሚያስተኛው፣ ሁለተኛው ልብን እንደሚያቆም፣ በመካከላቸው ሁለት ደቂቃ እንደምጠብቅ።

«ያመዋል?»

«የመርፌው ጫፍ ብቻ።»

መርፌውን ሳስገባ ውሻው እጄን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ሰበረ። አጎቴ ጆሮው ጋ አፋቸውን አስጠግተው ነገሩት። «ምንም ስህተት የለውም» አሉት። «እለፈው። ልክ ነው፣ እለፈው።» ለዚያ ለማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ስንት ጊዜ እንዲህ ብለውት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ጭንቅላቱ ክንዳቸው ላይ ቀስ ብሎ ተኛ። ሁለት ደቂቃ ጠበቅሁ። ሁለተኛውን ወጋሁ። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጌ እስኪያልቅ ሰማሁ፣ ካለቀም በኋላ እንደ ልማዴ አንድ ደቂቃ ጨመርኩ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

ክንዳቸውን ወዲያው አላወጡም። ሲያወጡ እጅጌያቸው ላይ ዳማ ፀጉር ነበር፤ አላራገፉትም። ቀሪዎቹን አምስቱንም ይዘው ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው፣ አንድ በአንድ። ለእያንዳንዱ የሆነ ነገር በጆሮው ይነግሩታል፤ ያንን አልሰማሁም፣ ለመስማትም አልሞከርኩም።

በአሥር ሰዓት የሰብሳቢው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሾፌሩ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ።

«ስንት ነው?» አሉት አጎቴ።

«ሰባት። አራቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ጋሽ ፊደል። እናትየውን መኪና ገጭቷታል።»

«ባዶ ያለን ስድስት ቤት ነው።»

«እኔ ምን ላድርግ? መንገድ ላይ ልመልሳቸው?»

ቡችሎቹን በሁለት ቤት ከፈልናቸው። የመጨረሻዋን፣ አሮጊት ነጭ ውሻ፣ በአሥራ ዘጠኝ አስገባናት። የታጠበው ሲሚንቶ ገና አልደረቀም ነበር። አጎቴ ሄደው ሰማያዊውን ብርድ ልብስ አመጡ፣ አራግፈው ከሥሯ አነጠፉላት።

ከዚያ በልማድ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ገባ፣ ባዶ ካርዶቹን አወጡ፤ አስታወሱና ከእስክሪብቶው ጋር ለእኔ ዘረጉልኝ። ባልዲው ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ መጻፍ ጀመርኩ። ቁጥር፣ ጾታ፣ መልክ፣ ቀን። ቀኑ አሥራ ሦስት ነበር። አጎቴ ከበላዬ ቆመው፣ አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር አድርገው ያያሉ።

አራተኛው ካርድ ላይ ጣታቸውን አስቀመጡ።

«ሦስቷ ስምንት ትመስላለች» አሉ። «አስተካክያት።»

ካርዱን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ።